ሁለት ጊዜ ያልተቆጠረ

ያለፈውን ላልተከታተለ አንባቢ ነገሩን ማሳጠር አይከብድም፤ ፍቅር ሲጀመር እንጂ ሲፈርስ ብዙ ወሬ የለውም። ምሥራቅ የቄስ አረጋ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ላስታ ውስጥ፣ ከሙጃ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ጥቁር ውኃ ከሚባለው ጨፌ ራስጌ ነው። ኢያቄም ደግሞ የጨፌውን ወፎች ሊያስጠብቅ ከላሊበላ ይመላለስ የነበረ የፕሮጀክት ባለሙያ ነው። ተዋደዱና ሽማግሌ ላከ። ዘር ሲቆጠር ግን በአምስት ቤት የሥጋ ዘመድ ናችሁ ተባሉ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ይህ የሆነው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። አሁን ያለነው ጥር 1999 ላይ ነው። ምሥራቅ ሃያ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የብልባላ ሽማግሎች ለሌላ ሰው ሊጠይቋት ይመጣሉ።

እንዲህ ባለው ቀን ሌላ ልጅ ብትሆን ቤቷ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራ ነበር። ምሥራቅ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ጨፌው ዳር፣ ከደንገል በተሠራችው የመቁጠሪያ ጎጆ ውስጥ ተንበርክካለች። ጥር የዓመቱ ትልቅ ቆጠራ ነው፤ ውኃው ላይ ያለ ወፍ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይቆጠራል። አመዳዩ ሣሩን አንጥቶታል። ጋጋኖ ወፎቹ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ተነሥተው አገሩን በጩኸት ያውካሉ። አክስቷ ውዱ ስትወጣ አይታት፣ «የወፍ ልጅ ስትቆጥሪ የራስሽን ልጅ የምትቆጥሪበት ዕድሜ አለፈ እኮ አንች!» ብላታለች። ምሥራቅ ደብተሯን ይዛ ወረደች። የሩቅ ማያ መነጽሩን ዐይኗ ላይ ስታደርግ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ስለ ሌላ ነገር እንደማታስብ ታውቃለች።

ጨፌው እንደ ሰው ጠባዩ በየወራቱ ይለዋወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ሞልቶ የእርሻውን ድንበር ይነካል፤ በዓለም ላይ ከእኛ አገር ደጋ በቀር የትም የሌሉት ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሣሩ ውስጥ ይሸሸጋሉ። መስከረም ሲጠባ ከባሕር ማዶ ዳክዬዎቹ መግባት ይጀምራሉ። ኅዳር ላይ ሽመላው ይጨመራል፤ ጥር ላይ ውኃው እንደ ገበያ ይሞላል። መጋቢት ሲመጣ እንግዶቹ ደህና ሁኑ ሳይሉ በአንድ ማለዳ ይሄዳሉ፤ ግንቦት ላይ የሚቀረው ዝይውና ጋጋኖው፣ ጭቃውና ዝምታው ነው። ምሥራቅ ይህን ሁሉ በወጉ ያየችው ኢያቄም ካሳያት በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ጨፌው ከብት የሚሰምጥበት ረግረግ ብቻ ነበር።

የመጣው በ1995 ክረምት ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ፈልጉልኝ ቢል ቀበሌው የቄሱን ልጅ ጠራለት። ያን ቀን ያስተማራትን እስከ ዛሬ አልረሳችም። «ወፍ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ትቆጥሪያለሽ፤ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ትመለሻለሽ። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ። ሁለት ጊዜ ያልተቆጠረ እንዳልተቆጠረ ነው» አላት። ሲናገር የሰው ፊት አያይም፤ ውኃውን ነው የሚያየው። እሷም ሰውየው እንደማያያት ስታውቅ ደኅና አድርጋ አየችው።

የቆጠራው ደብተር ቀን፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛት የሚሉ ረድፎች ነበሩት፤ ዳር ላይ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ባዶ ረድፍ አለ። ፍቅራቸው የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ፣ «ጭጋግ ነበር፤ ዝይ አልታየም» ብላ ጻፈች። በወሩ ሲመጣ፣ «ጭጋግ ሲኖር ጠብቂ» ብሎ ከሥር በቀይ ጻፈላት። ቀጥላ፣ «ጠበቅሁ። ጭጋጉ ሄደ፣ ዝይውም መጣ። እርስዎ ግን አልመጡም» አለች። እሱም፣ «ሁለተኛ ስትጽፊ አልመጣህም በይ» ብሎ መለሰ። አንድ የኅዳር ጠዋት ዐይኗ መነጽሩ ላይ እያለ ደብተሩ ከአጠገቧ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ስታነበው «መጥቻለሁ። ከኋላሽ ነኝ» ይላል። መዞር አቃታት፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ሁለት መቶ ምን ያህል ዳክዬ እንደቆጠረች ጠፍቶባት እንደገና ከአንድ ጀመረች። እጅ ለእጅ እንኳ ተያይዘው አያውቁም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱም የሌላ ሰው መሆን እንደማይችሉ ያውቁ ነበር።

ሽማግሌ የላከው በ1997 ጥር ነው። በላስታ ልጅ ከመስጠት በፊት ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት የተገናኘ ሥጋ ነው፣ ሥጋና ሥጋ አይጋባም። ኢያቄም ደሴ ይደግ እንጂ የአባቱ ወገን ሙጃ ነው። የአገሩን ትውልድ ሁሉ በጭንቅላታቸው የያዙት አያ ወርቅአገኘሁ ሰፌድ አስመጥተው ለያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ባቄላ እየጣሉ ቆጠሩ፤ ባንድ ወገን የሷን፣ ባንድ ወገን የሱን። ምሥራቅ ጓዳ ሆና ባቄላው ሰፌዱ ላይ ጠብ ሲል ታዳምጣለች። አምስተኛው ላይ የሽማግሌው እጅ ቆመ።

«የሷ ምንጅላት ትጓደድ ናት፤ የሱ ምንጅላት አራጋው ነው። ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው። አይሆንም፤ ሥጋ ነው» አሉ።

ሽማግሎቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ወጉ ነውና ኢያቄም ከነሱ ጋር አልነበረም፤ ከጨፌው ጎጆ ሆኖ መልስ ይጠብቅ ነበር። ሰማ፤ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሣና በዚያው ወረደ። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ደሴ ተዛወረ ተባለ። ለምሥራቅ አንድ ቃል አልተወላትም።

በየካቲት ግን አንድ ነገር ሆነ። ለገበያ ሙጃ ወርዳ እማሆይ ወለተ ሐናን አገኘች። እማሆይ የአራጋው የልጅ ልጅ ናቸው፤ ዘጠና ሊሞላቸው የቀረበ፣ ዐይናቸው ከጥላ በቀር የማያይ መነኩሲት። ምሥራቅ የትጓደድን ስም ስታነሣ አሮጊቷ ሳቁ።

«ትጓደድ? እህ! እሷማ የማር ልጅ ናት እኮ። በክፉ ቀን ወላጆቿ አልቀው ደጅ ላይ ወድቃ ተገኘች። የአያቴ አባት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባትና ልጄ ናት አለ። ከአያቴ ጋር ባንድ ምድጃ አደጉ እንጂ ጠብታ ደም አይገናኙም።»

እንግዲህ የጡት ልጅ የሚባለው ወግ ይኸው ነው። ማር ያጠባ አባት ይሆናል፤ የጠባ ልጅ ይሆናል፤ ፍቅሩ ከወለዱት አያንስም። ደም ግን አይሆንም፣ ለሰባት ቤትም አይቆጠርም። ባንድ ምድጃ ያደጉ ልጆች ሁለቱም አፈር ከለበሱ በኋላ ማን የማር፣ ማን የማሕፀን እንደነበረ ማን ይለያል? አያ ወርቅአገኘሁም አልለዩም።

ምሥራቅ ወደ አባቷ አልሮጠችም። ጠያቂው ጥሏት ሄዷል፤ ለሄደ ወንድ ድጋሚ ቁጠሩልኝ የምትል ልጅ የመንደር መዘባበቻ ትሆናለች። ይህን የሚል እሱ ነው መሆን ያለበት። ስለዚህ መንገዳቸው በሆነው መንገድ ጻፈችለት። ቆጠራው በየወሩ ላሊበላ ደርሶ ከዚያ ደሴ፣ ኢያቄም ጠረጴዛ ላይ እንደሚሄድ ታውቃለች። ምርመራው ረድፍ ውስጥ፣ «ዝይ 58። አያ ወርቅአገኘሁ ተሳስተዋል። ትጓደድ የጡት ልጅ ናት፤ ሙጃ ያሉት እማሆይ ወለተ ሐና ምስክር ናቸው። ሥጋ አይደለንም። መጥተህ ድጋሚ ይቆጠር በል» ብላ ጻፈች።

መልስ አልመጣም። በሚያዝያ ጻፈች፤ በሰኔ ጻፈች። አገሩ በምርጫ ወሬ ሲታመስ እሷ ስለ ዳክዬና ስለ ልቧ ትጽፍ ነበር። ዓመቱ ዞረ። በ1998 ነሐሴ፣ «ዝይ 17 ጥንድ። ከእንግዲህ ምርመራ አልጽፍም» ብላ ዘጋችው። አንብቦ ዝም አለኝ ብላ ነበር፤ ሰው አንብቦ ዝም ሲል ከስድብ ይከፋል።

ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው እንግዲህ በዚያ ጠዋት ዳክዬዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት መቶ አርባ ያደረሰችው። ከኋላዋ ሣሩ ተንኮሻኮሸ።

«ስንት ደረስሽ?» አላት።

ድምፁን ከመጀመሪያዋ ፊደል አወቀችው። መነጽሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ ተናወጠ።

«አጠፋኸው» አለች ሳትዞር። «ሦስት መቶ አርባ ነበር። አጠፋኸው።»

ኢያቄም ከጎኗ ተንበረከከ። ከስቷል፤ ጢሙ ተንጨፍርሯል፤ እቅፉ ውስጥ በገመድ የታሰሩ የቆጠራ ደብተሮች ይዟል። የራሷ ደብተሮች ናቸው። መንገዱን በእግሩ እንደመጣ ከሱሪው ጭቃ ያስታውቃል።

«ትናንት ከላሊበላው ቢሮ መጋዘን አወጣኋቸው» አላት። «የዓመታቱን ቆጠራ ባንድ ላይ ላጠናቅር ብዬ ነበር። ምርመራውን ያነበብሁት ትናንት ነው፣ ምሥራቅ። ትናንት።»

«ትናንት?» ዞረች። ሁለት ዓመት ያላየችውን ፊት ስታየው ልትቆጣበት ያጠራቀመችው ሁሉ ጠፋባት። «በየወሩ ደሴ ይደርስህ አልነበር?»

«ቁጥሩ ይደርሰኝ ነበር። ላሊበላ ያለችው ጸሐፊ ቁጥሩን ብቻ ገልብጣ ትልከዋለች።»

«ምርመራውንስ?»

ኢያቄም አንገቱን ደፋ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ጸሐፊዋን ጥፋተኛ ቢያደርጋት ማን ይጠይቀዋል? ግን አልዋሸም፤ ይህን ያህል እንመስክርለት።

«ምርመራው አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ብቻ ላኩልኝ ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ» አላት። «የእጅ ጽሑፍሽን ማየት አልቻልሁም። ዘመድህ ናት ተብዬ፣ ያንኑ ጽሑፍ እያየሁ እንደ ባዕድ ስወድሽ እግዜርን ፈራሁ። ቁጥሩ ሲመጣልኝ ግን ደኅና ናት እል ነበር። ዝይ ሃምሳ ስምንት ሲለኝ፣ ቆማለች፣ ትቆጥራለች፣ በሕይወት አለች ብዬ እተኛለሁ።»

ምሥራቅ ሳቀች። እንዲህ ያለውን ሳቅ ከራሷም ሰምታው አታውቅም፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ።

«ዝይ ሦስት ጊዜ የምታስቆጥረኝ ሰው!» አለች። «አንዲት ዳክዬ ብትጎድል እንደገና ጀምሪ የምትለኝ ሰው! እኔን አንድ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ቆጥረውኝ፣ እሺ ብለህ ቦርሳህን ይዘህ ወረድህ። ከዳክዬ አነስሁብህ?»

ጋጋኖዎቹ ከወዲያ ማዶ እየጮኹ ተነሡ። ኢያቄም እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ የሷ ትከሻ ግን የዘረጋውን እጅ አይቶ ኖሮ ራሱ ዘንበል ብሎ ነበር። ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

«እንሂድ» አላት ቀስ ብሎ። «አሁን፣ እንዲሁ እንዳለሽ። ማታ ደሴ እንገባለን።»

«ተሸሽጌ?» እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቀጥ ብላ አየችው። «በአደባባይ ሥጋው ነሽ ተብያለሁ እኮ። ተሸሽጌ ብከተልህ ዕድሜ ልኬን ወንድሟን ያገባች እባላለሁ። አባቴ የቆሙበት መቅደስ ይሳቅበታል። አልሄድም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የብልባላ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ለዲያቆን ቃለሕይወት ነው የሚጠይቁኝ። አያ ወርቅአገኘሁ ሊቆጥሩኝ ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት ናና በሩ ላይ ቁም። ‹የኔ ድጋሚ ይቆጠር› በል። ሌላ አንዲት ነገር አልለምንህም።»

«የኔ ቃል የሽማግሌ ቃል ያፈርሳል?»

«ላያፈርስ ይችላል። ግን ስትለው ልስማህ።»

ውኃውን አየ፤ እንደ ድሮው የሰው ፊት ማየት ሲያቅተው የሚያደርገውን። «እመጣለሁ» አለና ተነሣ። ምሥራቅ ከጎጆዋ ብቅ ብላ አየችው። ወደ መንደሩ የሚያወጣውን መንገድ ትቶ ወደ ሙጃ የሚያወርደውን ያዘ፤ ወደ ደሴ የሚመለስ ሰው መኪና የሚጠብቀውም በዚያው ነው። ገና እኮ ጠዋት ነው፣ ይመለሳል ብላ ራሷን አባበለች፤ ግን ዳክዬዎቹን ዳግመኛ መቁጠር አልሆነላትም።

ሽማግሎቹ በሰዓታቸው ደረሱ። አምስት ናቸው፤ በቅሎዎቻቸውን አጥሩ ሥር አስረው እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙና የመጣንበትን ካልሰማችሁን አንቀመጥም አሉ። ቄስ አረጋ እንሰማለን ብለው አስገቧቸው። የሚጠይቁለት ዲያቆን ቃለሕይወት ክፉ ሰው አይደለም፤ ለትንሣኤ ቅስና ሊቀበል የቀጠረ፣ ከዚያ በፊት በቁርባን ማግባት ያለበት፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ወጣት ነው። ምሥራቅ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ክፉ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት እንዴት በቀለለ!

ጓዳ ውስጥ አክስቷ ውዱ ጎኗ ተቀምጣለች። ነገሩን ሁሉ ያወቀችው ዛሬ ረፋድ ላይ ነው፤ ምሥራቅ መደበቅ ሲያቅታት ነገረቻት። ከመጋረጃው ወዲያ ባቄላው ሰፌዱ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ምሥራቅ ባቄላውን ሳይሆን በሩን ነው የምታዳምጠው። ውሻው በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች። ሦስት ቤት ተቆጠረ፤ አራት፤ አምስት።

«ውጭ ወጥተሽ እይልኝ» አለች አክስቷን።

ውዱ ወጥታ ቶሎ ተመለሰች። ፊቷን አይታ ምሥራቅ ሳትጠይቅ ገባት።

«ማንም የለም የኔ ዓለም» አለች ውዱ በሹክሹክታ። «ከብት ጠባቂዎቹ ጠዋት ወደ ሙጃ ሲሮጥ አይተውታል። ሲሮጥ ነው ያሉኝ። እስካሁን የደሴን መንገድ አጋምሷል።»

«ሰባት!» አሉ አያ ወርቅአገኘሁ ከወዲያ። «ንጹሕ ነው። አይገናኙም።»

ያኔ ምሥራቅ ተነሣች። ውዱ ቀሚሷን ብትይዛት አላቀቀችው። መጋረጃውን ገልጣ ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት መሐል ገብታ ቆመች። ሴት ልጅ ስትጠየቅ ጓዳ ነው የምትሆነው፤ በጥቁር ውኃ እንዲህ ያደረገች አልታየችም። ያንዱ ሽማግሌ ዱላ ከእጁ ወደቀ።

«አያ ወርቅአገኘሁ» አለች። «የዛሬ ሁለት ዓመት አምስተኛው ባቄላ ላይ ቆሙ። ትጓደድን ማን ወለዳት?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዐይናቸው ከሷ አልፎ ሩቅ ሄደ፣ ካባታቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠው ይሰሙት ወደነበረው ወሬ። ጣታቸው ላይ የቀረችው ባቄላ ተንከባልላ ወደቀች።

«ማሩን ረሳሁት» አሉ። «እግዚኦ! ማሩን ረሳሁት ልጄ። አብረው ያደጉትን ቆጠርሁ እንጂ ማን ከማን እንደተወለደ አልጠየቅሁም። የጡት ልጅ ናት። ሥጋ አይደላችሁም።»

ቄስ አረጋ መስቀላቸውን አጥብቀው ይዘው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስንት ጊዜሽ ነው ይህን ካወቅሽ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አባቴ።»

«ይህን ይዘሽ ነው እንጀራዬን ስትበይ የኖርሽው?»

«ጠያቂው ሳይኖር መልሱን ማረም ለማን ይበጅ ነበር?»

ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምሥራቅ በሕልሟም ያልጠበቀችውን ተናገሩ። «የብልባላ ሰዎች፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። «ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ መልስ ይገባዋል፤ የመለስነውም ስሕተት ኖሯል። ልጁ ላሊበላ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ካለ ይግባ። በሬ ክፍት ነው፤ ቁጥሬን አርሜ፣ በእግዜር ፊት፣ ልጄን እሰጠዋለሁ።»

የብልባላ ሽማግሎች አጉረመረሙ፤ ግን ፍርዱ ፍርድ ነውና ተቀበሉ። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። አባታችን ሆይ ተደግሞ እስኪያልቅ ያህል ጠበቁ። አንዲት ዶሮ ገባችና ሰውን አይታ ተመልሳ ወጣች።

ምሥራቅ በሩን እያየች የሆነባትን እኔ እዚህ ወረቀት ላይ ላሰፍረው አልችልም። ሁለት ዓመት የተዘጋው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚገባበት ሰው ነው የጠፋው። እመጣለሁ ብሎ ሮጠ! ቁጣዋ ከእግሯ ተነሥቶ አናቷ ላይ ወጣ፤ ከቁጣው ሥር ያለውን ሐዘን ሰው እንዳያይባት ደግሞ ቶሎ መናገር ነበረባት።

«አይመጣም አባቴ» አለች። «እኔም ቁጥሩ እንዲታረም ብዬ ነው እንጂ ለሱ ብዬ አይደለም የጠየቅሁ።»

«ለነዚህስ ሰዎች ምን እንበል?»

«ይሁን በሏቸው።»

ሽማግሎቹ ተነሡ። ትልቁ እጁን ዘርግቶ መረቀ፤ ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ አለ፤ ሁሉም አሜን አሉ። በኛ አገር ሽማግሌ ፊት የወጣ ይሁን፣ ምርቃት ከገባበት ወዲያ አይመለስም፤ ከተመለሰም በዲያቆኑ ክህነት ላይ የሚተርፍ ነውር ነው። ምሥራቅ ጉልበታቸውን ተራ በተራ ሳመች። ደጅ የተሰበሰቡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ጆሮዋ ውስጥ የሌላ ሰው ሠርግ ይመስል ነበር።

እልልታው ገና ሳይበርድ ውሻው ጮኸ፤ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

ኢያቄም ነበር። ፊቱ በላብና በአቧራ ተለቅልቆ፣ ጫማው ተቀዶ፣ የተዋሳትን በቅሎ እየሳበ መጣ። በበቅሎዋ ላይ፣ ከወገባቸው በነጠላ ታስረው፣ እማሆይ ወለተ ሐና ተቀምጠዋል። የሱ ቃል የሽማግሌ ቃል አያፈርስም ብሎ ምስክር ሊያመጣ ነበር የሮጠው፤ ሦስት ሰዓት በእግሩ ወርዶ፣ አሮጊቷን ለምኖ፣ ሲወድቁ እየደገፈ ዳገቱን ሲያወጣቸው ነው ሰዓቱ ያለፈው። ዳግመኛ ሳያስቆጥር በመሄዱ ተሰድቦ፣ አሁን ደግሞ በደንብ ላስቆጥር ብሎ ዘገየ።

አጥሩ ሥር የታሰሩትን አምስት በቅሎዎች አየ። የሴቶቹን ፊት አየ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ምሥራቅን አየና እግሩ ከመሬት ተተከለ። እሷ ለምን እንደዘገየ ገባት፣ እሱ ለምን እንዳልጠበቀችው ገባው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ለዚያ ነው የሚያንገበግበው።

እማሆይ ግን እልልታውን እንጂ የሰው ፊት አላዩም።

«እሰይ!» አሉ። «ደረስን መሰለኝ ልጄ፤ ሰምተው እልል ይላሉ!» ብለው በተሰበረ ድምፃቸው ራሳቸውም እልል አሉ። አወረዷቸው። «ልጂቱ የታለች? ያች ገበያ ያገኘችኝ ልጅ? ቅረቢ እስቲ።» ምሥራቅ ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመች። አሮጊቷ እጇን ጨበጧት፤ በሌላ እጃቸው እየዳበሱ የኢያቄምን ፈልገው አገኙ፤ አንዱን ባንዱ ላይ ጭነው ሁለቱን ባንድ ላይ ያዙ። «ሥጋ አይደላችሁም። እኔ ምስክር ነኝ። ይባርካችሁ» አሉ።

ምሥራቅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያዘች። ሻካራና ሙቅ ነበር። የብልባላ ሽማግሎች ያያሉ፤ አባቷ ያያሉ።

በመጨረሻ ቄስ አረጋ ቀረብ አሉ። «እማሆይ» አሉ፣ «ልጅቱ እኮ ለዲያቆን ቃለሕይወት ተሰጠች። አሁን ነው የተመረቀው።»

አሮጊቷ ግራ ገባቸው። ጣታቸው የኢያቄምን እጅ ደግሞ ዳበሰ።

«ለዲያቆን? ታዲያ ይኸ የያዝሁት እጅ የማን ነው?»

ኢያቄም አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መመለስ ያለባት እሷ እንደሆነች ምሥራቅ አወቀች።

«የዘመድ ነው፣ እማሆይ» አለችና እጇን አወጣች።